ሥራ ሳያጠፉ ፕሮሰሰር ማጥፋት

የላፕቶፕዎን ክዳን ሲዘጉ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ማራገቢያው ዝም ይላል። ከውጭ የሚታየው ይኸው ነው። ውስጥ ግን በዚያች አጭር ጊዜ አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን እያሰናበተ ነው። ማሽኑ ስምንት የፕሮሰሰር ኮሮች ካሉትና በሊኑክስ የሚሠራ ከሆነ፣ ሰባቱ በተራ ሥራቸውን አስረክበው ይጠፋሉ። የቀረው አንዱ የመጨረሻውን መብራት አጥፍቶ ይተኛል። ክዳኑ ሲከፈት ያው የቀረው ኮር ቀድሞ ይነሣና ጓደኞቹን ይቀሰቅሳል። ግማሽ ላይ የተዉት ደብዳቤ እዚያው ግማሹ ላይ ይጠብቅዎታል፤ ዘፈኑም ካቆመበት ይቀጥላል።

በየቀኑ ስለሚሆን ቀላል ነገር ይመስላል። የኦፕሬቲንግ ሲስተም ባለሙያ ቢጠይቁ ግን ፀጉር ከሚያስነጩ ሥራዎች አንዱ ይህ መሆኑን ይነግርዎታል። ኮርን ማጥፋቱ ብቻውን ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው፣ አንዱ ኮር በሚጠፋባት ቅጽበት ሌላው «አለ» ብሎ አምኖ ሥራ እየላከለት ሊሆን መቻሉ ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ባለሙያዎቹ ሬስ ኮንዲሽን ይሉታል፤ እኛ እዚህ «የሽሚያ ስህተት» እንበለው። ይህ ጽሑፍ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ይህን ሽሚያ እንዴት እንደሚያመልጥ ያስረዳል። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ማጥፋት አስፈለገ?

አንደኛው ምክንያት እንቅልፍ ነው፤ አሁን አየነው። ሁለተኛው ባትሪ ነው። ባለብዙ ኮር ስማርት ስልኮች ብቅ ባሉበት ሰሞን፣ ሥራ ሲቀል አንዳንዶቹን ኮሮች ጨርሶ የሚያጠፉ ፕሮግራሞች የተለመዱ ነበሩ። ዛሬ ኮርን ሳያጠፉ በጥልቅ ማሳረፍ ስለሚቻል ልማዱ ቀንሷል።

ሦስተኛው ትልልቅ ማሽኖች ናቸው። አንድን የአይቢኤም ፓወር ሰርቨር በብዙ ክፍል ከፍሎ፣ ማሽኑ ሳይቆም ሥራ ከፈታው ክፍል ላይ ፕሮሰሰር ነሥቶ ሥራ ለበዛበት መስጠት ይቻላል። በኪራይ በሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ላይም ሥራው እየተካሄደ ኮር ሊጨመር ይችላል።

አራተኛው ደኅንነት ነው። በ2018 «ኤል ዋን ተርሚናል ፎልት» የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ድክመት ይፋ ሲሆን፣ ከመከላከያዎቹ አንዱ ሃይፐር ትሬዲንግን መዝጋት ነበር። ሃይፐር ትሬዲንግ አንዱ ኮር ሁለት መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ሊኑክስ ለዚሁ አንድ ማጥፊያ አበጀለት፤ ያ ሲጫን ለሲስተሙ ከሚታዩት ኮሮች ግማሾቹ ይጠፋሉ።

የባንኩ መስኮት

አራት መስኮት ያለው አንድ የባንክ ቅርንጫፍ እናስብ። ወረፋ የምታስከብረው ሠራተኛ ተረኛውን ከመላኳ በፊት ቀና ብላ ታያለች። መስኮት 3 ክፍት ነው። «አባባ፣ ወደ 3 ይሂዱ» ትላለች፤ ስማቸውንም ከወረፋው ትሰርዛለች። አዛውንቱ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ከዘራቸውን ይዘው እስኪደርሱ ገንዘብ ከፋዩ መጋረጃውን ስቦ ለምሳ ወጥቷል። አዛውንቱ ዝግ መስኮት ፊት ቆመው ይጠብቃሉ። ወረፋው ላይ ስማቸው ስለሌለ ዳግመኛ የሚጠራቸው የለም።

እዚህ ውስጥ ያጠፋ ሰው ማን ነው? ሠራተኛዋ ስታይ መስኮቱ በእርግጥ ክፍት ነበር። ገንዘብ ከፋዩም ሰዓቱ ደርሶ ነው የወጣው። ሁለቱም ለየብቻቸው ትክክል ናቸው። ጥፋቱ ያለው «አየሁ» ባለችበትና አዛውንቱ በደረሱበት መካከል ባለፈው ጊዜ ላይ ነው። ያየችው ነገር እውነት የነበረው ባየችበት ሰዓት ብቻ ነው።

ከርነል ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ፕሮግራም «ኮር 3 በርቷል?» ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ይባላል። በሚቀጥለው መስመር ሥራውን ለኮር 3 ይልካል። በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚያልፈው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ያንሳል፤ ሆኖም ኮር 3 ልክ በዚያች ክፍተት ከጠፋ ሥራው ሰሚ በሌለበት ይቀራል። ላኪው መልስ የሚጠብቅ ከሆነ እስከ ወዲያኛው ይጠብቃል፤ ተጠቃሚው የሚያየው የደነዘዘ ማሽን ነው።

የሽሚያ ስህተት ክፋቱ መደበቁ ነው። በፈተና ላይ ሺህ ጊዜ ሲሞከር ሺውንም ጊዜ በትክክል ይሠራል። ከዚያ አንድ ቀን ሁለት ነገሮች በቅጽበት ይገጥሙና ይወድቃል። ማሽኑን አስነሥተው ቢያዩት ምንም የለም። ዳግም እንዲከሰት ቢሞክሩ እሺ አይልም። ለመመርመር ብለው ኮዱ ውስጥ የመዝገብ መስመር ቢጨምሩበት እንኳ ፍጥነቱ ስለሚለወጥ ስህተቱ ይሰወራል። ውጤቱ ደግሞ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ነሐሴ 2003 ላይ በሰሜን አሜሪካ 50 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ መብራት ሲጠፋበት፣ ነገሩን ካባባሱት ምክንያቶች አንዱ በኦሃዮ በነበረ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያው ሶፍትዌር መደንዘዙ ነበር። ምርመራው የደረሰበትም እንዲህ ያለ የሽሚያ ስህተት ላይ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ማስጠንቀቂያ ስላልሰሙ ሁሉ ሰላም መስሏቸው ነበር።

ኮሩ በእጁ የያዘው

ገንዘብ ከፋዩ ሲወጣ መጋረጃ መሳብ ብቻ እንደማይበቃው ሁሉ፣ አንድ ኮር ከመጥፋቱ በፊት የሚያስረክበው ብዙ ነው። እስቲ እንቁጠረው።

በመጀመሪያ ወረፋው አለ፤ በዚያ ኮር ላይ ተራ የሚጠብቁ ፕሮግራሞች ናቸው። እነሱ ወደ ሌላ ኮር መዛወር አለባቸው። ቀጥሎ የቀጠሮ ሰዓቶች አሉ፤ «ከአምስት ሚሊሰከንድ በኋላ ቀስቅሰኝ» ተብለው በኮሩ ላይ የተሞሉ ናቸው። ካልተዛወሩ ቀጠሮው ደርሶ የሚቀሰቅስ አይኖርም። ሦስተኛው ኢንተረፕት ነው። ዲስኩ፣ የኔትወርክ ካርዱ፣ ኪቦርዱ ጉዳይ ሲኖራቸው ፕሮሰሰሩን የሚጠሩበት ጥሪ ማለት ነው። የኔትወርክ ካርዱ ኮር 3ን እንዲጠራ ተመድቦ ከሆነ ምደባው መቀየር አለበት።

አራተኛው የግል ደብተር ነው። ከርነሉ ለፍጥነት ሲል ለእያንዳንዱ ኮር የራሱ መቁጠሪያና የራሱ ትርፍ ማስታወሻ ይሰጠዋል፤ በጋራ ደብተር ላይ መሻማት ሥራ ያዘገያልና። ኮሩ ሲጠፋ በደብተሩ ላይ የሰፈረው ሒሳብ ወደ ጠቅላላው መደመር አለበት፤ አለዚያ ድምሩ ይጎድላል። አምስተኛው ለዚያ ኮር ብቻ የተመደቡ የከርነል ሠራተኞች ናቸው፤ ጌታቸው ሲጠፋ እነሱም እንዲያርፉ መደረግ አለበት።

እነዚህን ሁሉ የሚመሩት የተለያዩ የከርነል ክፍሎች ናቸው። ሁሉም ኮሩ እየሄደ መሆኑን ማወቅ፣ በየተራቸው መረከብ፣ ከተረከቡ በኋላም አዲስ ነገር እንዳይልኩበት መጠንቀቅ አለባቸው።

አንድ ሳይሆን አራት ዝርዝር

የመጀመሪያው ብልሃት «በርቷል» እና «ጠፍቷል» በሚሉ ሁለት ቃላት አለመወሰን ነው። ሊኑክስ ስለ ኮሮች የሚይዘው ዝርዝር አራት ነው። በመጀመሪያው ላይ በዚህ ማሽን ላይ መቼም ቢሆን ሊኖሩ የሚችሉ ኮሮች ሁሉ ይሰፍራሉ። በሁለተኛው ላይ አሁን በአካል የተገጠሙት፣ በሦስተኛው ላይ በርተው የሚሠሩት አሉ። በአራተኛው ላይ ደግሞ አዲስ ሥራ የሚቀበሉት ብቻ ይመዘገባሉ።

የሦስተኛውና የአራተኛው ልዩነት ብዙ ነገር ያቃልላል። በባንኩ ቋንቋ፣ መስኮቱ ሳይዘጋ በፊት «ከዚህ በኋላ አዲስ ደንበኛ አንቀበልም» የሚል ወረቀት እንደመለጠፍ ነው። ገንዘብ ከፋዩ አለ፤ የጀመረውን ይጨርሳል፤ አዲስ ግን አይላክለትም። ከርነሉ ኮሩን ከአራተኛው ዝርዝር ከሰረዘ በኋላ ወዲያው ወደሚቀጥለው እርምጃ አይሮጥም። የድሮውን ዝርዝር አይተው ሥራ ለመላክ እጃቸውን የሰነዘሩ ሁሉ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን የሚያይ ማንም ቢሆን አዲሱን ነው የሚያየው። በወረፋ ላይ የቀሩት ፕሮግራሞችም ወደ ሌሎች ኮሮች ይገፋሉ።

በሩን መያዝ

ዝርዝሩ ቢበዛም «አየሁ» እና «ላክሁ» መካከል ያለው ክፍተት በራሱ አይደፈንም። ለዚህ ቁልፍ ያስፈልጋል። የሊኑክስ ቁልፍ ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አለው። አንባቢ የሚባለው የኮሮቹን ዝርዝር ለማየትና ባየው መሠረት ለመሥራት የሚፈልግ ነው። ጸሐፊ የሚባለው ኮር ሊያበራ ወይም ሊያጠፋ የመጣ ነው። አንባቢዎች የቱንም ያህል ቢበዙ አብረው መግባት ይችላሉ። ጸሐፊው ግን የሚገባው ሁሉም ሲወጡ ብቻ ነው፤ እሱ ውስጥ እያለም ሌላ ሰው አይገባም።

ወረፋ አስከባሪዋ በዚህ ሕግ ብትሠራ፣ መስኮቱን ከማየቷ በፊት ቁልፉን ትይዛለች፤ አዛውንቱ እስኪስተናገዱ አትለቅም። ገንዘብ ከፋዩ ለምሳ ለመውጣት እሷ እስክትለቅ ይጠብቃል። መጠየቅና መላክ አንድ የማይነጣጠል ተግባር ሆኑ ማለት ነው።

ቁልፉ ዋጋ እንዳያስከፍል ደግሞ ታስቦበታል። ዝርዝሩን የሚያዩ በሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ኮር የሚጠፋው ግን አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ከ2017 ጀምሮ ሊኑክስ የሚጠቀምበት ቁልፍ ሸክሙን በጸሐፊው ላይ ይጥላል። አንባቢው በራሱ ኮር ደብተር ላይ አንዲት ምልክት አድርጎ ያልፋል። ጸሐፊው የሁሉንም ደብተር እስኪያጣራ ይጠብቃል። ብዙው ጊዜ የሚያልፍበት መንገድ ፈጣን ሆነ፤ መዘግየቱ ብርቅ ለሆነው ሥራ ተተወ።

በጣም አጭር ለሆነ ሥራ ደግሞ ቁልፉን መያዝም አያስፈልግም። አንድ ኮድ «ለጊዜው ከዚህ ኮር ላይ ማንም እንዳያስነሣኝ» ብሎ ካወጀ፣ እስኪጨርስ ድረስ ከበሩት ኮሮች አንዱም ሊጠፋ አይችልም። ለምን እንደሆነ የሚገባን ቀጣዩን እርምጃ ስናይ ነው።

ሁሉም ቀጥ የሚሉባት ቅጽበት

ኮሩ ከበሩት ዝርዝር የሚሰረዝበት ጊዜ ሲደርስ ከርነሉ ከባድ መሣሪያ ያነሣል። በማሽኑ ላይ ያሉትን ኮሮች በሙሉ ያስቆማል። በየኮሩ ላይ ከሁሉ የበለጠ ቅድሚያ ያለው አንድ የማስቆሚያ ሠራተኛ ይነሣል። ሁሉም መድረሳቸው ሲረጋገጥ ሁሉም የኢንተረፕት ጥሪ መቀበል ያቆማሉ። ይህም በሁሉም ዘንድ መፈጸሙ ሲረጋገጥ የሚጠፋው ኮር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ራሱን በራሱ ከዝርዝሩ ይሰርዛል፣ የኢንተረፕት ምደባውን ለሌሎች ያስተላልፋል፤ ከዚያ ሁሉም ይለቀቃሉ። አንዱን እርምጃ የመጨረሻው ሰው ሳያጠናቅቅ ማንም ወደ ቀጣዩ አያልፍም። ሌሎቹ ቆመው ስለሆነ በመካከል ሾልኮ ዝርዝሩን የሚያይ የለም። «ማንም እንዳያስነሣኝ» ያለ ኮድ ባለበት ኮር ላይ የማስቆሚያው ሠራተኛ ሊነሣ ስለማይችል ደግሞ ሥርዓቱ በሙሉ እሱን ይጠብቃል። አጭሩ ኮድ ያለ ቁልፍ የሚጠበቀው በዚህ ነው።

ለቅርብ ተመልካች እዚህ ውስጥ አንድ የምትገርም ነገር አለች። የኔትወርክ ካርዱ ኮር 3ን እንዳይጠራ ምደባው ተቀይሯል እንበል። ምደባው ከመቀየሩ በፊት የተላከና አሁን በመንገድ ላይ ያለ ጥሪስ? ኮሩ ጥሪ መቀበል ስላቆመ ጥሪው በር ላይ ደርሶ ይቀራል። በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ የሊኑክስ ኮድ ምደባውን ከቀየረ በኋላ ሆን ብሎ አንድ ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ የኮሩን የጥሪ መዝገብ ይፈትሻል። ደርሶ ያልተስተናገደ ጥሪ ካገኘ ወደ አዲሱ ተረካቢ ኮር ዳግም ይልከዋል። መሥሪያ ቤት የቀየረ ሰው ከመሄዱ በፊት የቀድሞ የፖስታ ሣጥኑን ለመጨረሻ ጊዜ ከፍቶ እንደሚያየው ማለት ነው። አንድ ሚሊሰከንድ ለፕሮሰሰር ረጅም ዘመን ነው፤ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እዚህ የሚቆጠብ ጊዜ ኋላ ብዙ ያስከፍላል።

ራሱን የሰረዘው ኮር ከዚያ ወደ ሥራ ፈት ዙሩ ይመለሳል፤ ከዝርዝሩ መውጣቱን ያያል፤ «ሄጃለሁ» የሚል የመጨረሻ ምልክት ትቶ ይጠፋል። ሌላ ኮር ያን ምልክት እስኪያይ ጠብቆ ነው ደብተሩን የሚሰበስበው። ሳይጠብቅ ቢሰበስብ፣ በሕይወት ካለ ሰው እጅ ደብተር እንደመንጠቅ ይሆናል።

ድንኳን ሲተከል፣ ድንኳን ሲነቀል

የሠርግ ድንኳን ሲተከል መጀመሪያ ምሰሶው ይቆማል፤ ከዚያ ሸራው ይዘረጋል፤ በመጨረሻ አምፖሉ ይንጠለጠላል። ሲነቀል ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ አምፖሉ ሳይወርድ ምሰሶውን የሚነቅል ሁሉንም አናቱ ላይ ያወርዳል። ኮርን ማብራትና ማጥፋትም እንዲሁ ነው፤ ሊኑክስ ግን ይህን ሕግ በግልጽ እስኪጽፈው ብዙ ዓመት ወስዶበታል።

የቀድሞው አሠራር እንደ መንደር ጡሩምባ ነበር። ኮር ሊበራ ወይም ሊጠፋ ሲል «ሊበራ ነው»፣ «በራ»፣ «ሊጠፋ ነው»፣ «ጠፋ» የሚል መልእክት ለተመዘገቡት ክፍሎች ሁሉ ይነገራል፤ እያንዳንዱ ሰምቶ የራሱን ያደርጋል። ማን ቀድሞ ይሰማል የሚለው በቅድሚያ ቁጥር ይወሰን ነበር። መልእክቱ ሲመጣም ሲሄድም ቅደም ተከተሉ ያው አንድ ዓይነት ነበር፤ አይገለበጥም። አንዳንዱ ክፍል ሲበራ የሚያደርገውን ጽፎ ሲጠፋ የሚያደርገውን ይረሳል። ሌላው ደግሞ መሃል ላይ ችግር ቢፈጠር እንዴት እንደሚመለስ አላሰበበትም። ስህተቱ ሁሉ እዚህ ይራባል።

ጀርመናዊው የከርነል ባለሙያ ቶማስ ግላይክስነር ከባልደረቦቹ ጋር ይህን አፍርሶ በደረጃ የሚሄድ አሠራር ተካው። አዲሱ መዋቅር በ2016 ወደ ሊኑክስ ገባ፤ የቀድሞው የመልእክት መንገድ በ2017 መጀመሪያ ላይ ከነጭራሹ ተወገደ። አሁን ከጠፋ ኮር እስከ በራ ኮር ያለው መንገድ በተቆጠሩ ደረጃዎች ተከፍሏል። እያንዳንዱ ደረጃ ጥንድ ተግባር አለው፤ አንዱ መትከያ፣ አንዱ መንቀያ። ሲበራ ከታች ወደ ላይ፣ ሲጠፋ ከላይ ወደ ታች። በ40ኛው ደረጃ ላይ እንቅፋት ቢገጥም ከ39ኛው ጀምሮ የተተከለው ሁሉ በግልባጩ ይነቀላል፤ ማሽኑም ከመነሻው ወደነበረበት ይመለሳል።

ደረጃዎቹ በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹን ሌላ በሥራ ላይ ያለ ኮር ይፈጽማቸዋል፤ ሚሞሪ ማዘጋጀት፣ ደብተር መክፈት የመሰለው ነው። የመካከለኞቹን አዲሱ ኮር ራሱ ጥሪ ሁሉ በተዘጋበት ሁኔታ ይፈጽማል፤ እዚህ ላይ መውደቅ አይፈቀድም። የመጨረሻዎቹን በራሱ ሠራተኛ አማካይነት ጥሪ እየተቀበለ ያከናውናል። ደብተሩ ሳይከፈት ኮሩ አይነሣም፤ ኮሩ ሳይሰናዳ ሥራ አይላክለትም። ሽሚያ የሚገባበት ቀዳዳ የሚደፈነው በቅደም ተከተሉ ነው።

ቅደም ተከተል ምን ያህል እንደሚከበር የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ቅድም ያነሣነውን ሃይፐር ትሬዲንግ ገና ማሽኑ ሲነሣ ለመዝጋት ቢፈልጉ፣ የማይፈለጉት ኮሮች ጭራሹኑ ባይነሡ ይቀላል ያሰኛል። ግን ከባድ የሃርድዌር ብልሽት ሲደርስ ለኮሮች ሁሉ የሚታወጅ የአደጋ ጥሪ አለ፤ ያን ለመቀበል ያልተሰናዳ ኮር ካለ ማሽኑ በሙሉ ይወድቃል። ስለዚህ የማይፈለገውም ኮር አንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ ለአደጋው ጥሪ ተሰናድቶ፣ ከዚያ ነው ተመልሶ የሚጠፋው።

ሁለት የታወቁ ወጥመዶች

አንደኛው ወጥመድ ምዝገባ ላይ ነው። አንድ የከርነል ክፍል ሲጀምር ሁለት ነገር ማድረግ አለበት። አሁን በበሩት ኮሮች ላይ ደብተር መክፈትና ለወደፊት የሚበሩት እንዲነገሩት መመዝገብ ነው። ደብተሮቹን ከፍቶ ሲጨርስ፣ ገና ሳይመዘገብ፣ ኮር 5 ቢበራስ? ለኮር 5 ደብተር የከፈተ የለም፤ የነገረውም የለም። ተራውን ቢገለብጠው፣ ማለትም ቀድሞ ቢመዘገብ፣ ደግሞ ለአንዱ ኮር ሁለቴ ደብተር ሊከፈት ይችላል። የዛሬው መፍትሔ ሁለቱንም በአንድ ቁልፍ ሥር ማድረግ ነው። መዝጋቢው ተግባር ራሱ ቁልፉን ይዞ በበሩት ላይ ይዞራል፣ ይመዘግባል፣ ይለቃል። ጸሐፊው ውጭ ስለሚጠብቅ በመካከል የሚበራ ኮር የለም።

ሁለተኛው ወጥመድ ከመድኃኒቱ ራሱ የሚመጣ ነው። ካዝናው በሁለት ቁልፍ የሚከፈት መሥሪያ ቤት እናስብ። ሒሳብ ሹሟ አንዱን ይዛ ሌላውን ትጠብቃለች፤ ገንዘብ ያዡ ሌላውን ይዞ የእሷን ይጠብቃል። ሁለቱም አይለቁም፤ ካዝናውም አይከፈትም። ባለሙያዎቹ ይህን ዴድሎክ ይሉታል። በኮሮች ጉዳይ እንዲህ ይሆናል። አንድ ድራይቨር የራሱን ቁልፍ ይዞ የኮሮቹን ቁልፍ ይጠይቃል። በዚያው ቅጽበት ኮር የሚያጠፋው ክፍል የኮሮቹን ቁልፍ ይዞ የድራይቨሩን መንቀያ ተግባር ይጠራል፤ መንቀያው ደግሞ የድራይቨሩን ቁልፍ ይፈልጋል። ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ።

መድኃኒቱ ቁልፎች ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲያዙ ማድረግ ነው። ይህን የሚቆጣጠር ሎክዴፕ የሚባል ዘበኛ ከ2006 ጀምሮ ከርነል ውስጥ አለ። ቁልፎች በምን ተራ እንደተያዙ እየመዘገበ፣ አንድ ቀን ሊያጣብቅ የሚችል ተራ ሲያይ፣ መጣበቁ ሳይደርስ ይጮኻል። የኮሮቹ ቁልፍ በ2017 ወደ አሁኑ ዓይነት ሲለወጥ ሙሉ በሙሉ በዚህ ዘበኛ ዓይን ሥር ገባ፤ ከዚያም ለዓመታት ተደብቀው የኖሩ የመጣበቅ አደጋዎች ወጡ።

የተደበቀውን ማስወጣት

የሽሚያ ስህተት በጥቂት ሙከራ አይያዝም ብለናል። ስለዚህ የከርነል ባለሙያዎች ሆን ብለው ያምሱታል። ኮሮቹን ለሰዓታት እያጠፉ እያበሩ፣ በዚያው ላይ ከባድ ሥራ ይጭናሉ። ከርነሉ ውስጥ ያለው አርሲዩ ቶርቸር የተባለው መፈተኛ ይህን የሚያደርግበት አማራጭ አለው፤ ስሙ እንደሚለው ማሠቃያ ነው። ሺህ ጊዜ የማይደርሰውን አጋጣሚ በሚሊዮን ጊዜ ያጠምዱታል።

ሊኑክስ ያለው አንባቢ ነገሩን በዓይኑ ማየት ይችላል። «ሲስ» ከሚባለው ማውጫ ሥር ለእያንዳንዱ ኮር አንድ ፎልደር አለ። ውስጡ ባለው «ኦንላይን» በተባለ ፋይል ላይ 1 ተጽፏል። የማሽኑ አስተዳዳሪ 0 ቢጽፍበት እስካሁን የተረክነው ሁሉ ተፈጽሞ ኮሩ ይጠፋል፤ 1 ሲጽፍ ይመለሳል። በተለመደው ፒሲ ላይ የመጀመሪያው ኮር ብዙውን ጊዜ ይህ ፋይል የለውም፤ እሱ አይጠፋም። ደረጃዎቹን በቁጥርና በስም የሚዘረዝር ፋይልም እዚያው አጠገብ አለ። ሙከራው አስፈላጊ ሥራ በሌለበት ማሽን ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ለተራው ፕሮግራመር

ከርነል ጽፎ የማያውቅ ሰው ከዚህ ምን ያገኛል? የባንኩ መስኮት በየቦታው አለ። የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ድረ ገጽ «ወንበር 12 ባዶ ነው?» ብሎ ጠይቆ በቀጣዩ መስመር ሲሸጥ፣ ሁለት ተሳፋሪዎች በአንድ ወንበር ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። የሒሳብ ፕሮግራም «ቀሪው 1,000 ብር ነው?» ብሎ አይቶ ሲቀንስ፣ ሁለት ወጪዎች በአንድ ጊዜ ከመጡ ሁለቱም ያልፋሉ። ፕሮግራሙ «ፋይሉ አለ?» ብሎ ጠይቆ ሲከፍተው፣ ሌላው ሰርዞት ሊገኝ ይችላል።

መፍትሔዎቹም ያየናቸው ናቸው። መጠየቅንና መሥራትን በአንድ ቁልፍ ሥር አድርጉ፤ በዳታቤዝ ከሆነ በአንድ ትራንዛክሽን። ካልሆነ ሳትጠይቁ ሞክሩ፤ ሙከራው ቢወድቅ የምታደርጉትን አስቀድማችሁ ጻፉ። ስትዘጉ መጀመሪያ አዲስ መቀበል አቁሙ፤ ከዚያ የጀመራችሁትን ጨርሱ፣ በመጨረሻ የቀድሞውን ሣጥን ፈትሹ። የተከላችሁትን በግልባጩ ንቀሉ። ከአንድ በላይ ቁልፍ ከያዛችሁ ሁልጊዜ በአንድ ተራ ያዙ።

ኮዳችሁ ውስጥ «ካለ» የሚል ቃል በጻፋችሁ ቁጥር ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ «አለ፣ ግን እስከ መቼ?»